ንጹሕ ቁጥር የሚያወጡ ሰዎች ሁኑ

«መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ 3 መኝታ፣ 105 ካሬ፣ 6.2 ሚሊዮን፣ በስምምነት።»

በቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ ዘወትር የምናነበው ዓይነት መስመር ነው። ከቄራ እስከ ለቡ፣ ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ቤት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ እንዲህ ያለውን ሲያገላብጥ ያመሻል። ለእኛ ግልጽ ነው። ሦስቱ የመኝታ ክፍል፣ መቶ አምስቱ ስፋት፣ ስድስት ነጥብ ሁለቱ ዋጋ መሆኑን ማንም ሳያስረዳን እናውቃለን። ኮምፒውተር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። በእሱ ዘንድ መስመሩ ጎን ለጎን የተደረደረ ፊደል ብቻ ነው፤ አይደመርም፣ አይካፈልም፣ አማካይ አይወጣለትም።

በዚህ መስመርና «መካኒሳ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚጠየቀው ዋጋ ይህን ያህል ነው» በሚል አስተማማኝ መልስ መካከል አንድ ሥራ አለ፤ ከድረ ገጽ የተለቀመን ጽሑፍ አጽድቶ ወደሚሰላ ቁጥር መለወጥ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፣ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ ሙሉ ቀን ኢንተርኔትም አይፈልግም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ሥራ እናንተ፣ በመካኒሳና በአካባቢዋ ያደጋችሁ ወጣቶች፣ ከማንም በተሻለ ልትካኑበት እንደምትችሉ ነው። ይህን የምለው ላበረታታችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ምክንያት አለኝ፤ ወደ ምክንያቱም እወስዳችኋለሁ።

ፕሮግራሚንግ መማር የጀመረ ሰው ዓይኑ ቶሎ ወደ ላይ ያያል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ትንበያ፣ የሚያምር ግራፍ። መልካም ምኞት ነው፣ አትተዉት። ነገር ግን ሙያው ውስጥ የቆዩትን ብትጠይቁ ሰዓታቸውን የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ጽዳት መሆኑን ይነግሯችኋል። ምስር የሚለቅም ሰው ጠጠሩን ካላወጣ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ጥርስ ይሰብራል። ጽዳቱን ማንም አያጨበጭብለትም፤ ውጤቱ ግን በሙሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ለዚህም ነው ጽዳቱን በትዕግሥት የተማረ ሰው ተፈላጊ የሚሆነው።

እስቲ የላይኛውን መስመር ይዘን እንሥራ። አብዛኛው ጀማሪ የሚያስበው መጀመሪያ ይህን ነው፤ «ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ ላጥፋና የቀረውን ልውሰድ»። ፓይተን በአንድ መስመር ይፈጽምለታል። ውጤቱም 310562 ይሆናል። የመኝታው 3፣ የካሬው 105፣ የዋጋው 62 ተጣብቀው ሦስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ሆኑ። ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር አያስደነግጥም። ዋጋ ይመስላል። ፕሮግራሙም ቅሬታ አያሰማም። ለ105 ካሬ ስታካፍሉት 2,958 ብር ገደማ ይመጣል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 59,048 ብር ገደማ ነው። ማንም ያልጻፈው ዋጋ ወደ ሠንጠረዡ ገባ፣ ከሌሎቹ ጋር ተደመረ፣ አማካዩንም ይዞት ወረደ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ተመልከቱ። «12,500» የሚል ጽሑፍ ወስዳችሁ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር ለሚለውጠው፣ «ኢንት» ለሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ስትሰጡት አይቀበልም። መሐል ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ታግደዋለች፤ «ቫልዩ ኤረር» የሚል ቀይ መልእክት ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ልቡ ይወድቃል፣ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። ወዳጆቼ፣ ያ ቀይ መልእክት ከለላችሁ ነው። ፕሮግራሙ ያልገባውን ነገር ገብቶኛል ብሎ አላለፈም፤ ቆሞ ጠየቃችሁ። ልትፈሩት የሚገባው እንደ 310562 ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነው። ስለዚህ ቀይ መልእክት ባያችሁ ቁጥር ተስፋ አትቁረጡ፤ የመጨረሻውን መስመር አንብቡ፤ የትኛው ጽሑፍ እንዳስቸገረው እዚያው ጽፎላችኋል።

ትክክለኛው መንገድ ቁጥርን ከጎረቤቱ ጋር መያዝ ነው። 105ን ካሬ ያደረገው አጠገቡ ያለው «ካሬ» የሚለው ቃል ነው፤ 6.2ንም ዋጋ ያደረገው «ሚሊዮን» ነው። ሬጌክስ የሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ሥርዓት ይህን ያደርግላችኋል፤ «ከ‹ካሬ› በፊት ያለውን ቁጥር አምጣ» ትሉታላችሁ። ከዚያ የማባዣ ቃላትን ሰብስባችሁ ቃልን ከዋጋው ጋር በሚያጣምር አንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ሺህ 1,000፣ ሚሊዮን 1,000,000።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ዕውቀት ዋጋ የሚያወጣው። «ሺህ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ሺ፣ ሺህ፣ ሺሕ፣ ሽህ እየተባለ ይጻፋል። ሚሊዮን ሚሊየን ይሆናል። መካኒሳ መካኒሣ ይሆናል። «2 ሚሊዮን ተኩል» ማለት ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ መሆኑን፣ «ተኩል» ከፊቱ ያለውን የማባዣ ግማሽ እንደሚወስድ የሚያውቅ ዝግጁ ፕሮግራም ከሌላ አገር አይመጣላችሁም። በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው 12፣500 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ለእኛ ያው ነጠላ ሰረዝ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ከእንግሊዝኛዋ የተለየ ምልክት ነው። ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ባዶ ቦታ መስሎ የሚታይ ግን ተራ ባዶ ቦታ ያልሆነ ምልክት ይደበቃል። እያንዳንዱን እነዚህን ባገኛችሁ ቁጥር በአንድ መስመር ኮድ ትፈቱታላችሁ፣ ያ መስመርም ከዚያ በኋላ ለዘላለም የእናንተ ነው።

የግዕዝ አኃዝ ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የግዕዝ ፊደልና አኃዝ በ1999 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ገብተዋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሮቻችን ያውቋቸዋል። ፓይተንን «፭ አኃዝ ነው ወይ?» ብላችሁ በ«ኢዝዲጂት» ብትጠይቁት «አዎ» ይላችኋል። እሺ ብላችሁ «ኢንት» ለሚለው ብትሰጡት ግን እምቢ ይላል። «ሬጌክስ» ውስጥ ማንኛውንም አኃዝ የሚፈልገው ምልክትም ፭ን አይቶ ያልፈዋል። የሚገርመው የዓረብኛን አኃዞች ያለ ችግር መቀበሉ ነው። ምክንያቱ በአጻጻፍ ሥርዓቱ ላይ ነው። የዓረብኛ አኃዞች እንደ ተለመዱት ቁጥሮች በቦታቸው ዋጋቸው ይለወጣል፤ ዜሮም አላቸው። በግዕዝ ዜሮ የለም፤ ለአሥር ፲፣ ለመቶ ፻፣ ለአሥር ሺህ ፼ የራሳቸው ምልክት አላቸው። ስለዚህ ዩኒኮድ በሌላ ክፍል መዝግቧቸዋል፣ «ኢንት» ደግሞ ያን ክፍል አይነካም።

መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው። «ዩኒኮድዳታ» የሚባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይነግራችኋል፤ ፭ አምስት፣ ፲ አሥር፣ ፻ መቶ። የቀረው ሕጉን መጻፍ ነው። ፲፱፻፹፯ን ውሰዱ፤ የሕገ መንግሥቱ ማወጃ አዋጅ ቁጥር 1 የወጣበት ዓመት ነው። ከ፻ በፊት ያለውን ደምሩ፤ አሥርና ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ። በመቶ አባዙት፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ። ከኋላው ያለውን ጨምሩ፤ ሰማንያና ሰባት። 1987። ፊደል ስንቆጥር በልጅነታችን የተማርነው ነገር ከአሥር መስመር በማይበልጥ ኮድ ሥራ ላይ ዋለ። የግድግዳ ካሌንደሮች፣ የቀድሞ የነጋሪት ጋዜጣ ዕትሞች፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በእነዚህ አኃዞች የተሞሉ ናቸው። ያን ሁሉ ወደሚሰላ ቁጥር የሚለውጠው ሰው እነሱን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። እናንተ ትችላላችሁ።

አሁን ዋጋ ስላልተጻፈበት ባዶ ቦታ ልናገር፤ ይህን ነጥብ ደጋግማችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። አምስት የኪራይ ማስታወቂያዎች አሉ እንበል፤ 18,000፣ 22,000፣ 25,000፣ 20,000 እና «በስምምነት» ብቻ የሚል። ፓንዳስ የሚባለው የሠንጠረዥ መሥሪያ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ሲለውጥ «የማይለወጠውን ባዶ አድርገው» ልትሉት ትችላላችሁ፤ ባዶውንም «ናን» ብሎ ይመዘግበዋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባዶው ስላስጠላን በዜሮ ስንሞላው ነው። የአራቱ ዋጋዎች አማካይ 21,250 ብር ነው። አምስተኛውን ዜሮ አድርጋችሁ ብታሰሉት 17,000 ይሆናል። ማንም ቤቱን በነጻ አከራያለሁ አላለም፤ አከራዩ ዋጋውን በአካል እነግራለሁ ነው ያለው። ያልተነገረን ነገር እንዳልተነገረ መመዝገብ ታማኝነት ነው። ስንቱ መስመር ባዶ እንደሆነም ቁጠሩና ከውጤታችሁ ጎን ጻፉት። «ከአምስት ማስታወቂያዎች አንዱ ዋጋ አልገለጸም» የሚል ሪፖርት የሚያቀርብ ወጣት የሚታመን ወጣት ነው።

መለኪያውንም እንዲሁ። የጤፍ ዋጋ በኩንታል፣ የቡና ዋጋ በፈረሱላ ይነገራል። ኩንታል 100 ኪሎ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በፈረሱላ 6,800 ብር የሚል መስመር በኪሎ 400 ብር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓምድ ውስጥ ያለ ልዩነት ያስቀመጠ ሰው ያገኘው ንጽጽር ዋጋ የለውም። ዓመተ ምሕረቱም ወጥመድ አለው። «2007 ሞዴል መኪና» ሲባል እንደ ጎርጎርዮሳዊው ነው፤ «በ2007 የተሠራ ቤት» ሲባል እንደ እኛው ነው፤ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ሰፈራችን ውስጥ ያለ ማንም ሰው ይህን ሳያስብ ይለየዋል። ለኮዱ ግን አንድ ሰው መንገር አለበት።

ከሁሉም በላይ የምወደው ትምህርት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተገኘ ነው። ያን ቀን የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብርን አለፈ። የምንዛሪ ተመን በየቀኑ ከድረ ገጽ የሚለቅም ፕሮግራም አለ ብላችሁ አስቡ። ጠንቃቃ ጸሐፊው «ከትናንቱ ከአሥር በመቶ በላይ ከተለወጠ ስሕተት ነውና አጥፋው» የሚል ሕግ አስገብቶበታል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ቀን ያ ሕግ እውነተኛውን ቁጥር ጥሎ አሮጌውን ያስቀር ነበር። ስለዚህ ወሰን አብጁ፣ ወሰኑን ያለፈውን ግን አታጥፉት። ለይታችሁ አስቀምጡትና በዓይናችሁ እዩት፣ ከሌላ ምንጭ አመሳክሩት፣ ከዚያ ፍረዱ። ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የወጣውን ቁጥር በሌላ ዓምድ አስቀምጡ። ዋናው እስካለ ድረስ ማንኛውም ስሕተት ይታረማል።

«ይህን ሁሉ ለፍቼ ምን አገኛለሁ?» የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። አልቤርቶ ካቫሎ የሚባል አርጀንቲናዊ የምጣኔ ሀብት ሰው በአገሩ የሚወጣው የዋጋ ንረት አኃዝ ገበያው ላይ ከሚታየው ጋር አልገጥም አለው። የሱፐርማርኬቶችን ዋጋ በየቀኑ ከድረ ገጻቸው በፕሮግራም መልቀም ጀመረ። ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለወጠ፣ አከማቸ፣ አወዳደረ። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ይፋዊው ዓመታዊ ንረት በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከድረ ገጾች ያገኘው ግን ከ20 በመቶ በላይ ነበር። ሥራው ከባልደረባው ከሮቤርቶ ሪጎቦን ጋር በኤምአይቲ «ቢሊዮን ፕራይስስ ፕሮጀክት» ወደተባለው ጥናት አደገ። ማንም ሸማች ሊያየው ይችል የነበረን ዋጋ በየቀኑ፣ በጥንቃቄ፣ አጽድቶ ማስቀመጥ ነበር ሥራው።

የእኛም አገር ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ መረጃ ይሰበስባል፤ ነገር ግን «በመካኒሳና በለቡ መካከል የኪራይ ልዩነቱ ስንት ነው?» ለሚል ሰፈራዊ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ቤት ሲፈልጉ በእጃቸው ያለው የደላላው ቃል ብቻ ነው። አንድ ገጽ ንጹሕ ሠንጠረዥ ብትሰጧቸው የሚደራደሩበት አቅም ሰጣችኋቸው። የምታገኙት የተጠየቀው ዋጋ እንጂ የተሸጠበት እንዳልሆነ ግን ጻፉላቸው፤ ይህን አለመደበቅ የሙያው ክብር ነው። የሰዎችን ስልክና ስም ደግሞ ከሠንጠረዡ አውጡ። ለአማካይ ዋጋ አያስፈልጉም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃን በጥንቃቄ እንድንይዝ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ላንሳ፤ በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት አለ። ይህ ቁጥር የማጽዳት ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጽሑፍ የሚካሄድ ነው። ጥያቄውም፣ ኮዱም፣ ቀይ መልእክቱም፣ መልሱም በዓይን ይነበባል። መስማት የማይችል ወጣት ከማንም እኩል፣ አንዳች ሳይጎድልበት ሊሠራው ይችላል። መስማት የተሳነው ልጅ፣ እኅት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

የት ልጀምር ለምትሉ፣ ገንዘብ አያግዳችሁም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብር በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፣ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርትም በውስጡ አለ። ፓይተን ራሱ ነጻ ነው፤ ከገጽ ላይ ጽሑፍ የሚለየው ቢውቲፉል ሱፕም፣ ፓንዳስም ነጻ ናቸው። ፓኬጃችሁ እንዳያልቅ አንድ ዘዴ ልጠቁማችሁ፤ ገጹን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢሄድም፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ መብራት ቢጠፋም፣ በተቀመጠው ፋይል ላይ መቶ ጊዜ መሞከር ትችላላችሁ። የድረ ገጹንም ሰርቨር በከንቱ አታስጨንቁም።

ጓደኛ ካላችሁ ሁለት ሆናችሁ ሥሩት። አንዳችሁ ኮዱን ሲጽፍ፣ ሌላችሁ ከዋናው ጽሑፍ ጥቂት መስመሮችን በእጅ ቆጥሮ ትክክለኛውን መልስ ይጻፍ። ኮዱ ያወጣውና በእጅ የተጻፈው ይመሳከሩ። የተለያዩበት መስመር ሁሉ ትምህርት ነው፤ አንዱ «ሽህ» የሚለውን አላወቀም፣ ሌላው «ተኩል»ን ዘሎታል። እየታረመ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ደስታውም ልዩ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ምረጡ። የመካኒሳ የቤት ኪራይ ይሁን፣ የጤፍ ዋጋ ይሁን፣ የባንክ ምንዛሪ ይሁን፣ የእናንተ ምርጫ ነው። ሃያ መስመር ብቻ ውሰዱና ወደ ሃያ እውነተኛ ቁጥሮች ለውጡ። ያልተለወጡትን ቁጠሩ፤ ለምን እንዳልተለወጡ ጻፉ። ነገ ሌላ ሃያ ጨምሩ። ሠንጠረዡ ሲጠናቀቅ ቤት ለሚፈልግ ለአንድ ጎረቤታችሁ አሳዩት።